ስለ ቫይታሚንና ስለ ፔፕታይድ መርፌዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደብረ ማርቆስ ከተማ በመድኃኒት ባለሙያነት በሠራሁባቸው ዓመታት ከመስኮቱ ማዶ የቆመ ሰው ደጋግሞ የጠየቀኝ ስለ ክኒን ሳይሆን ስለ መርፌ ነው። አጨዳ ያደከመው አርሶ አደር፣ በዓባይ ቆላ ወባ አንገላትቶት የመጣ ወጣት፣ ልጇን የታቀፈች አራስ፣ ሁሉም «ክኒኑ ይቅርብኝ፤ መርፌው ይሻለኛል» ይላሉ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ «ፔፕታይድ» የሚለው ስም በቴሌግራምና በቲክቶክ ስለተሰማ ጥያቄው በርክቷል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሰው አውቆ እንዲጠይቅ የሚረዱ ናቸው፤ የሐኪምን ምርመራ ግን አይተኩም።

ፔፕታይድ ምንድን ነው? ከቫይታሚንስ በምን ይለያል?

ፔፕታይድ ማለት የፕሮቲን መሥሪያ የሆኑት አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ እየተከታተሉ ተሰክተው የሚያስገኙት አጭር ሰንሰለት ነው። ግሉታታዮን 3፣ ኦክሲቶሲን 9፣ ኢንሱሊን ደግሞ 51 አሚኖ አሲዶች አሏቸው። አብዛኞቹን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራቸው ሲሆን፣ ብዙዎቹ ከአንዱ የአካል ክፍል ወደ ሌላው ትእዛዝ የሚያደርሱ መልእክተኞች ናቸው። ቫይታሚን ግን ሰውነት ራሱ የማይሠራው ወይም በበቂ መጠን የማይሠራው፣ ከምግብ በጥቂቱ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው።

በመርፌ ረገድ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚጀምረው ከጨጓራ ነው። ፔፕታይድ ቢዋጥ ሆድ እንደ ማንኛውም ሥጋ ፈጭቶ ስለሚያጠፋው አብዛኛው በመርፌ ካልሆነ በቀር አይሠራም። ቫይታሚን ግን በአፍ ሲወሰድ በአንጀት በኩል ወደ ደም ይገባል፤ በመርፌ የሚሰጠውም አንጀት ሊቀበለው ሳይችል ሲቀር ወይም እጥረቱ አጣዳፊ ሲሆን ነው። ስለዚህ መርፌ የመድኃኒቱ መግቢያ በር እንጂ የብርታቱ ምልክት አይደለም።

ጥቅማቸው የተረጋገጠ የፔፕታይድ መርፌዎች የትኞቹ ናቸው?

ቀዳሚው ኢንሱሊን ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ አንድ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን ኢንሱሊን እስኪወጋ ድረስ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም (ሰውነት ኢንሱሊን መሥራት ሲያቅተው የሚመጣው) የያዘው ልጅ ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ይሞት ነበር። ዛሬ በጎጃም ሆስፒታሎች የስኳር ክትትል የሚያደርጉ ልጆች ትምህርት ቤት የሚውሉት በዚህ መርፌ ነው።

ሁለተኛው ኦክሲቶሲን ነው። እናት እንደወለደች 10 ዩኒት በጡንቻ ሲሰጣት ማሕፀኗን አኮማትሮ ገዳይ የሆነውን የደም መፍሰስ ይከላከላል፤ በጤና ጣቢያ መውለድ ይሻላል ከሚባልባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱም ይህ መርፌ በዚያ መኖሩ ነው። ይኸው መድኃኒት ግን ከወሊድ በፊት «ምጥ ለማፋጠን» ተብሎ ያለ ክትትል ቢሰጥ ማሕፀንን ሊቀድና ሕፃኑንም አየር ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ በቤት ውስጥ፣ በማንም እጅ ይሁን በማን፣ ለምጥ የሚሰጥ መርፌ መቀበል አይገባም።

«የጉልበት መርፌ» በእውነት ጉልበት ይሰጣልን?

በዚህ ስም የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ቢ ኮምፕሌክስ፣ ማለትም የቢ ቫይታሚኖች ድብልቅ ነው። ቫይታሚኖቹ ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል ሲለውጥ ያግዛሉ እንጂ ራሳቸው ኃይል አይደሉም። እጥረት ያለበትን ሰው ይጠቅማሉ፤ እጥረት የሌለበት ሰው ሲወስዳቸው ግን ሰውነቱ ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል። ከመርፌው በኋላ ሽንት ደማቅ ቢጫ ሲሆን ብዙ ሰው «መድኃኒቱ በሽታውን እያጠበ ነው» ይላል፤ ቀለሙ ግን ሰውነት ያልፈለገው ቫይታሚን ቢ2 ነው።

«ግሉኮስ ይሰቀልልኝ» ለሚሉትም ቁጥሩን መንገር እወዳለሁ። በአንድ ሊትር የ5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ነው። መብላትና መጠጣት የሚችል ሰው ይህን ያህል ኃይል ከአንድ እንጀራ ያገኘዋል፤ እንጀራው ደግሞ የደም ሥር አያስበሳም፣ ቁስልም አያመጣም። ታካሚው ግሉኮሱ ሲያልቅ ቀለል የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ሰዓት ጋደም ብሎ ስላረፈ፣ ፈሳሽ ስላገኘና ሰው ስለተንከባከበው ነው። ይህን ስል ድካሙን ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። ድካሙ እውነት ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ከድካሙ በስተጀርባ የደም ማነስ፣ የአንጀት ጥገኛ ትል፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር ሕመም፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የመንፈስ ጭንቀት ሊኖር ይችላል። በየሳምንቱ ቢ ኮምፕሌክስ ሲወጋ ከርሞ በመጨረሻ ደሙ ሲመረመር ስኳሩ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ የተገኘ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። መርፌው በቀጥታ አልጎዳውም፤ ወራቱን ግን በላበት።

በተጨማሪም ቫይታሚን ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ የእግርና የእጅ ነርቭን ያደነዝዛል። ለእግር መደንዘዝ እየተባለ ሳይመረመሩ ወር በገባ ቁጥር መወጋት መዘዙ ብዙ ነው።

ጾም የሚጾም ሰው ቫይታሚን ቢ12 ያንሰዋልን? መርፌስ ያስፈልገዋልን?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ ጤፍ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ኑግና ተልባ ሌላ ብዙ በረከት ቢኖራቸውም ቢ12 የላቸውም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው።

ይሁንና ጾሙ ብቻውን ሰውን እጥረት ላይ አይጥልም። ጤነኛ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ያከማቻል፤ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገውም 2.4 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። እጥረቱ የሚመጣው የፍስኩም ወራት ወተትና እንቁላል ሳይታይበት ሲያልፍ ነው። በገጠር እንቁላሉና ቅቤው ገበያ ወጥቶ ለዘይትና ለጨው መግዣ ሲሆን፣ እናቲቱ ጾምም ሆነ ፍስክ ማዕዷ አንድ ዓይነት ይሆናል። ከእርሷ ሌላ ለእጥረት የተጋለጡት በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና የተቀነሰ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን ለዓመታት የወሰዱና ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ናቸው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ስለ ጾሟ ከንስሐ አባቷም ከሐኪሟም ጋር ብትመክር መልካም ነው።

የእጥረቱ ምልክቶች የእግር መደንዘዝና መቆርቆር፣ የምላስ መቅላትና መቁሰል፣ የሚዛን መጥፋት፣ የማስታወስ መድከምና የደም ማነስ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ሕመምተኛው ፎሊክ አሲድ (ሌላው የቢ ቫይታሚን) ብቻ ቢሰጠው የደም ማነሱ ሊሻሻል ይችላል፤ የነርቩ ጉዳት ግን በስውር ይቀጥላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የደም ምርመራ ማድረግ ይገባል።

እጥረቱ ከተረጋገጠና ነርቭ ከነካ የ1000 ማይክሮ ግራም መርፌ ትክክለኛው ሕክምና ነው፤ መጀመሪያ በተደጋጋሚ፣ በኋላ በወር ወይም በጥቂት ወራት አንድ ጊዜ ይሰጣል። ቀላል እጥረት ላለበት ግን ያው 1000 ማይክሮ ግራም በየቀኑ በክኒን ቢወሰድ በብዙ ሰው ላይ እንደ መርፌው ይሠራል። በፍስኩ ቀን አንድ ሁለት እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት የሚያገኝ፣ የጣናን ዓሣም አልፎ አልፎ የሚበላ ጤነኛ ሰው አንዱም አያስፈልገውም።

አራስ ልጄን ለምን መርፌ ይወጉታል?

ያ ቫይታሚን ኬ ነው፤ በዚህ ገጽ ከተነሱት የቫይታሚን መርፌዎች ሁሉ ያለ ማመንታት «ይሰጠው» የምለው እርሱን ነው። ሕፃን ሲወለድ በሰውነቱ ያለው ቫይታሚን ኬ እጅግ ጥቂት ነው፤ የእናት ጡት ወተትም በዚህ ረገድ ብዙ የለውም። ይህ ቫይታሚን ከሌለ ደም አይረጋም፤ ስለዚህ አንዳንድ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንጎላቸው ውስጥ ሳይቀር ደም ይፈስባቸዋል። በጭን ላይ የምትሰጥ 1 ሚሊ ግራም ይህን ትከላከላለች።

ቫይታሚን ኤ እና ዲ በመርፌ መውሰድ ይቻላልን?

ቢ እና ሲ በውኃ ስለሚሟሙ ትርፋቸው በአብዛኛው በሽንት ይወጣል፤ ኤ እና ዲ ግን በስብ ውስጥ እየተከማቹ ይመርዛሉ። ቫይታሚን ኤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ በአፍ ጠብ ይደረጋል፤ ከዓመት በታች 100,000 ዩኒት፣ ከዓመት በላይ 200,000 ዩኒት ነው። መጠኑ ለሕፃናት ታስቦ የተለካ ስለሆነ ነፍሰ ጡር እናት «ለዓይኔ ይጠቅመኛል» ብላ ከልጇ እንክብል እንዳትወስድ አደራ እላለሁ፤ በእርግዝና ጊዜ በቀን ከ10,000 ዩኒት በላይ የሆነ ቫይታሚን ኤ የጽንሱን አፈጣጠር ሊያበላሽ ይችላል።

ቫይታሚን ዲ በአንድ ጊዜ 300,000 ወይም 600,000 ዩኒት የሆነ መርፌ አለው። ሕፃኑ በሪኬት፣ ማለትም በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት በሚያለሰልስ ሕመም፣ እግሩ የጎበጠ እንደሆነ ሐኪም ሊያዝዘው ይችላል። «ለአጥንት ጥሩ ነው» ተብሎ ሲደጋገም ግን በደም ውስጥ ካልሲየም ከፍ ይላል፤ ጥማት፣ ሽንት መብዛት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ድርቀት፣ በመጨረሻም የኩላሊት ጠጠርና ጉዳት ይከተላል። በእኛ አገር ፀሐይ አልጠፋችም፤ ሕፃኑን ሸፍኖ ጓዳ ማስቀመጥ ነው ያጠፋን፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ እናቶቻችን የተዉልን ጥሩ ልማድ ነው።

ቆዳን የሚያቀላ የግሉታታዮን መርፌ ደኅንነቱ የተረጋገጠ ነውን?

አይደለም። ግሉታታዮን በሰውነታችን ውስጥ ያለ ጠቃሚ ፔፕታይድ ቢሆንም፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቆዳ ለማቅላት የሚወጋ አንድም መድኃኒት አላጸደቀም። የፊሊፒንስ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም ቆዳንና አፍን የሚልጥ ከባድ አለርጂ፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል ሕዝቡን አስጠንቅቋል። አብሮት በደም ሥር የሚሰጠው ብዙ ቫይታሚን ሲ ደግሞ በኩላሊት ውስጥ ጠጠር ሊቋጥር ይችላል። ለሠርግ የምትዘጋጅ ሙሽራ ይህን መርፌ ከመወጋቷ በፊት ቆም ብላ እንድታስብ እለምናታለሁ።

ክብደት የሚቀንሰው መርፌስ?

ሴማግሉታይድ የሚባለው ፔፕታይድ፣ ብዙዎች ኦዜምፒክ በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቁት፣ እውነተኛ መድኃኒት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ለዓይነት 2 የስኳር ሕመም፣ በ2021 ደግሞ ዊጎቪ በሚል ስም ለክብደት ቅነሳ ጸድቋል። በ2021 በታተመ ትልቅ ጥናት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ 2.4 ሚሊ ግራም የወሰዱ ሰዎች በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ ወደ 15 በመቶ የሚሆን ክብደታቸውን ቀንሰዋል። መድኃኒቱን ሲያቆሙ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል ተመልሷል።

ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና ተቅማጥ የተለመዱ ናቸው፤ የቆሽት መቆጣትና የሐሞት ጠጠርም አልፎ አልፎ ይታያሉ። መጠኑ በ0.25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨምረው በዚሁ ምክንያት ነው። እርግዝና የምታስብ ሴት ቢያንስ ከ2 ወር በፊት ልታቆመው ይገባል፤ በቤተሰቡ ሜዱላሪ የሚባል የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰውም አይወስደውም።

ትልቁ ስጋት ምርቱ ከየት እንደመጣ አለመታወቁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ስለ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ከብልቃጥ በሲሪንጅ ራሳቸው እየለኩ የወሰዱ ሰዎች ከታዘዘላቸው ከ5 እስከ 20 እጥፍ ወስደው ሆስፒታል መግባታቸው ተነግሯል። ከውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ የላከው መርፌም ቢሆን፣ ፍቅሩ ባይጠረጠርም፣ በመንገድ ምን ያህል ሙቀት እንደገጠመው ማንም አያውቅም።

ጂም የምሠራ ነኝ፤ ጉዳት ቶሎ ያድናል የተባለውን ቢፒሲ-157 ልውሰድን? ሯጭ ብሆንስ?

ቢፒሲ-157 የ15 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። በአይጦች ላይ ጅማት እንደሚያድን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ በሰው ላይ የተደረገው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በበይነ መረብ የሚሸጠው ብልቃጥ «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ የሚለጠፍበት ሻጩ ለሰው መድኃኒትነት ኃላፊነት እንዳይወስድ ነው፤ በውስጡ ያለውም መጠንና ንጽሕና አይታወቅም።

ለሯጭ ጉዳዩ ከጤናም ያልፋል። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ቢፒሲ-157ን ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል፤ ቀይ የደም ሴሎችን የሚያበዛው ኤሪትሮፖይቲን፣ የዕድገት ሆርሞንና እርሱን የሚያስመነጩ ፔፕታይዶችም ክልክል ናቸው። ሆን ተብሎ ለተፈጸመ የመጀመሪያ ጥፋት ቅጣቱ 4 ዓመት ነው፤ «ያሠለጠነኝ ሰው ቫይታሚን ነው ብሎኝ» የሚለው መልስም አትሌቱን ነጻ አያወጣውም። ብዙ ወጣት የማያውቀው ሌላ ሕግም አለ፦ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በደም ሥር መውሰድ፣ በሆስፒታል ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በሕክምና ምርመራ ምክንያት ካልሆነ በቀር፣ ፈሳሹ ንጹሕ ግሉኮስ ቢሆን እንኳ ጥፋት ነው። ከልምምድ በኋላ ክሊኒክ ገብቶ «ለድካም» ማስሰቀል የለፉበትን ሁሉ ሊያሳጣ ይችላል።

መድኃኒቱ ትክክለኛ ቢሆን መርፌው ራሱ ሊጎዳ ይችላልን?

አዎን። ንጹሕ ያልሆነ መርፌ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ኤችአይቪም ያስተላልፋል፤ ቦታው ካልጸዳ መግል ይቋጥራል። በመቀመጫ ላይ ቦታው ሳይለይ ሲወጋ ከወገብ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቅ ነርቭ ሊመታ ይችላል፤ በተለይ በሕፃን ላይ ከዚያ በኋላ እግሩ እየተጎተተ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ድሮ «ድሬሰር» ይባሉ ከነበሩት የጤና ረዳቶች ተምረናል እያሉ በገበያ ቀን ከቤት ቤት የሚወጉ ሰዎች አሁንም አሉ። ሲሪንጁ ከነማሸጊያው በፊትዎ እንዲከፈት፣ የብልቃጡን ስምና የአገልግሎት ማብቂያ እንዲያሳዩዎት መጠየቅ መብትዎ ነው፤ በዚህ የሚቆጣ ባለሙያ ካለ ከዚያ ወጥቶ መሄድ ነው። ከተወጉ በኋላም ቢያንስ ሩብ ሰዓት ተቀምጠው ይቆዩ፤ ከባድ አለርጂ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፤ ለእርሱ የሚሰጠው መድኃኒት አድሬናሊን የሌለው ቤትም መርፌ መስጫ መሆን የለበትም።

ኢንሱሊን ከአዲስ አበባ ገዝቼ ስመጣ እንዴት ልያዘው?

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፤ የተከፈተው በቀዝቃዛ ክፍል ለ4 ሳምንት ያህል ያገለግላል። ችግሩ በመንገዱ ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሻገሩ አውቶቡሱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ሙቀቱንም ተሳፋሪ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ኢንሱሊን በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ባለ ሻንጣ፣ በሾፌሩ መስታወት ሥር ወይም ሞተሩ አጠገብ አይቀመጥ። በእጅ ቦርሳ፣ እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለበት ላስቲክ ውስጥ ይያዝ። በረዶ በቀጥታ አይንካው፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል። ጥርት ያለ መሆን የሚገባው ደፍርሶ ቢገኝ አይወጋም፤ በተፈጥሮው ወተት መሳይ የሆነው ዓይነት ግን በመዳፍ መካከል ቀስ ብሎ ይንከባለላል እንጂ አይናጥም።

ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ትንሹን ሸክላ ከትልቁ ውስጥ አስገብቶ በመካከሉ አሸዋ ሞልቶ ማራስ ነው። ውኃው እየተነነ ውስጡን ያቀዘቅዛል፤ የእንስራ ውኃ በቀትር ቀዝቅዞ የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

ጠበል እየተጠመቅሁ ወይም እየጾምሁ ኢንሱሊን ማቆም እችላለሁን?

ጠበሉን ይጠመቁ፤ ኢንሱሊኑን ግን አያቋርጡ። በተለይ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መርፌውን ባቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ በአሲድ ተመርዞ ራሱን ሊስት ይችላል። በጾም ወራት መጠኑና ሰዓቱ ስለሚቀየር ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪምን ማማከር ያስፈልጋል፤ ለታመመ ሰው ደግሞ የንስሐ አባት የሚሰጠው ፈቃድ አለ።

ከተወጋሁ በኋላ መጥፎ ምልክት ቢታይብኝ ምን ላድርግ?

የፊትና የምላስ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማዞርና ራስን መሳት ከመጣ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መድረስ ይገባል። ብልቃጡን፣ ካርቶኑንና ከተገኘ ደረሰኙን አይጣሉ፤ የምርት መለያ ቁጥሩ በላያቸው ስላለ ሐኪሙ የሚያስፈልገው እርሱን ነው። ከዚያም ባለሙያው የመድኃኒት ጎጂ ክስተት የሚመዘገብበትን ቢጫ ቅጽ እንዲሞላ ይጠይቁ፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒትን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ጥቆማ ይቀበላል። ያገለገለውን መርፌ ግን ከቆሻሻ ጋር አይጣሉት፤ ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ከተው ክዳኑን ዘግተው ለሚቀርብዎ ጤና ጣቢያ ያስረክቡ፤ እዚያ ሴፍቲ ቦክስ አለ።